«እምቢ ካለስ?»፦ ለሕፃን ልጅ የመጀመሪያ የጥርስ ሐኪም ስንመርጥ

የመጀመሪያ ልጄን ጥርስ ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት ዘግይቼ ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው። የላይኛው የፊት ጥርሱ ላይ ቡናማ ነጥብ አየሁና ደነገጥኩ። የደነገጠ ሰው ደግሞ አይመርጥም፤ ያገኘውን ይይዛል። እኔም ቀጠሮ ቶሎ የሰጠኝን ያዝኩ።

ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ልጁን ከእጄ ተቀብሎ ትልቁ ወንበር ላይ ብቻውን አጋደመው። መብራቱን ፊቱ ላይ አበራበት። «አፍህን ክፈት» አለው። አልከፈተም። «ክፈት እንጂ!» አለው፣ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ። የቀረውን ልተወው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ባየ ቁጥር ቀሚሴ ውስጥ ይወሸቅ ነበር። ፀጉር አስተካካያችንም ነጭ ጋወን ለባሽ ነው። ስለዚህ ፀጉሩን ቤት ውስጥ እኔው ራሴ ስቆርጠው ከረምኩ። ያምርበት ነበር ብዬ አልዋሽም።

ሁለተኛዋን በአሥራ አንድ ወሯ ወሰድኳት። አራት ጥርስ ነበራት። በዚህኛው ዙር ግን ጊዜ ነበረኝና ሦስት ቦታ ደወልኩ፤ ሁለቱን ሄጄ አየሁ። ሁሉንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው፦ «ልጄ እምቢ ብትል ምን ታደርጋላችሁ?» መልሳቸው የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ። እስካሁን ድረስ ጥርስ ሐኪም ምረጪልኝ ለሚለኝ ሁሉ ይህችን ጥያቄ ነው የማስታጥቀው።

መጀመሪያ፣ መቼ?

የአሜሪካ የሕፃናት ጥርስ ሕክምና አካዳሚ ምክር አጭር ነው። የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ካለ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ግን ልጁ አንድ ዓመት ሳያልፈው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። «ለሁለት ጥርስ ሐኪም? ደግሞስ ይወልቅ የለ?»

ይወልቃል። ግን መቼ? የወተት ጥርስ በጠቅላላው 20 ነው። የመጀመሪያው ስድስት ወር አካባቢ ይወጣል፣ የመጨረሻው ሁለት ዓመት ተኩል ወይም ሦስት ዓመት ላይ ይጠናቀቃል። የፊቶቹ ስድስት ሰባት ዓመት ላይ ይለቃሉ። የኋላ መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ይቆያሉ። ልጁ በሁለት ዓመቱ የተበላ መንጋጋ ይዞ ስምንት ዓመት ያኝክበታል ማለት ነው። ያለጊዜው ከተነቀለ ደግሞ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ይጠጋሉ፤ ከሥር የሚመጣው ቋሚ ጥርስ ቦታ ያጣና ይጣመማል።

ቀድሞ መሄድ ሌላም ጥቅም አለው፤ ለመምረጥ ጊዜ ይሰጣል። ሌሊት በጥርስ ሕመም የሚያለቅስ ልጅ ታቅፎ ሐኪም የሚያወዳድር ወላጅ የለም።

የምንመርጠው ለምን ሥራ ነው?

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። «እጁ የተባረከ»፣ «ሲነቅል አይታወቅም» የተባለለትን እንፈልጋለን። የአንድ ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ቀጠሮ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚነቀልም የሚሞላም ነገር የለም። አፉ የሚታየው ለአንድ ሁለት ደቂቃ ነው። የቀረው ጊዜ ከእናንተ ጋር የሚደረግ ወሬ ነው። ጡጦ ይዞ ይተኛል ወይ? ሌሊት ይጠባል? ጭማቂ በቀን ስንቴ? ጥርሱን ማን ይቦርሽለታል? አውራ ጣቱን ይጠባል? የሚወስደው ጣፋጭ ሽሮፕ አለ? እናንተ ራሳችሁ የተበላ ጥርስ አላችሁ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ወላጅን ታስቆጣለች፤ ግን አግባብ አላት። ጥርስ የሚበላው ባክቴሪያ በምራቅ ከአሳዳጊ ወደ ልጅ ይሻገራል።

ስለዚህ ሁለት ሐኪሞች ስታወዳድሩ ጥያቄዎቻቸውን ቁጠሩ። እነዚህን ሳይጠይቅ አፉን ብቻ አይቶ «ደህና ነው፣ ሂዱ» ያለ ሐኪም ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶታል።

አራቱ በሮች

ፍለጋ ስትጀምሩ ነገሩ ዓይን አዋጅ ይሆናል። ሲጠቃለል ግን በሮቹ አራት ናቸው።

አንደኛው የሕፃናት ጥርስ ሐኪም ነው። ጥርስ ሕክምና ከተማረ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ተጨማሪ ሥልጠና ወስዷል። የተማረው ስለ ልጆች አፍ ብቻ አይደለም፤ የልጆችን ጠባይ፣ ማደንዘዣ አሰጣጥ፣ የተለየ ክብካቤ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ማከምም አለበት። መሣሪያዎቹ ትንንሽ ናቸው። ሠራተኞቹ ለቅሶ ስለለመዱ አይደናገጡም። ልጁ ከባድ ሕክምና ቢያስፈልገው ሆስፒታል የሚያስገባበት መንገድ አለው።

ጣጣውስ? ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ ሩቅ ናቸው፤ ቀጠሮአቸውም ሳምንታትና ወራት ይወስዳል። ሰው ስለሚበዛባቸው የሚጣደፉም አሉ። ካየኋቸው ሁለት ቦታዎች አንዱ የስፔሻሊስት ነበር። ወንበሮቹ በአንድ ሰፊ አዳራሽ ተደርድረዋል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አንዱ ልጅ ሌላው በሰላም ሲታይ አይቶ ይረጋጋል። እኔ በሄድኩበት ሰዓት ግን ሦስተኛው ወንበር ላይ ያለው ልጅ እየጮኸ ነበርና ቀሪዎቹም ተቀበሉት። የመዝሙር ክፍል በሉት። የስፔሻሊስት ሰርተፊኬት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ጊዜ ግን አልነበራቸውም።

ሁለተኛው የቤተሰብ ወይም ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም ነው፤ እናንተን ራሳችሁን የሚያክመው። ቅርብ ነው፣ ታውቁታላችሁ፣ ልጁም እናንተ ወንበሩ ላይ ተቀምጣችሁ ሲያይ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ችግሩ፣ ከልጅ ጋር ያለው ችሎታ ከሰው ሰው ይለያያል። ለትልቅ ሰው ተአምር የሚሠራ ሐኪም የአንድ ዓመት ልጅ ፊቱ ሲቀመጥ እጁን የት እንደሚያደርግ ሊጠፋው ይችላል።

ማጣሪያዋ ቀላል ናት። ደውላችሁ «ልጄ አንድ ዓመቱ ነው፣ ለምርመራ ላምጣው ብዬ ነው» በሉ። «እሺ፣ መቼ ይመችዎታል?» ካሏችሁ ቀጥሉ። «እንዴ፣ ሦስት ዓመት ሲሞላው ያምጡት» ካሉ አመስግናችሁ ስልኩን ዝጉ። ሰዎቹ መጥፎ ስለሆኑ አይደለም፤ ለትንንሽ ልጆች አልተዘጋጁም፣ በዚያ ላይ ምክሩ የቆየ ነው። ሁለተኛ ጥያቄ፦ «ከሦስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በሳምንት ስንት ታያላችሁ?» ቁጥሩ ትልቅ ባይሆንም ግድ የለም። «አልፎ አልፎ ነው፤ ከአቅማችን በላይ ከሆነ ወደ እገሌ እንልካለን» የሚል ቅን መልስ ከጉራ ይሻላል።

ሦስተኛው የማስተማሪያ ሆስፒታል የጥርስ ክፍል ነው። የሚያዩት ተማሪዎች ናቸው፣ ከጀርባቸው መምህር አለ። አብዛኛውን ጊዜ ወጪው ቀለል ይላል። ምርመራው ጥንቃቄ አለው፤ ሁለት ሰው ያያል። ግን ይንዛዛል። ተማሪዋ ታያለች፣ ትጽፋለች፣ መምህሩ እስኪመጣ ትጠብቃለች፣ እሱም እንደገና ያያል። የትልቅ ሰው ትዕግሥት ይችለዋል፤ የአሥራ አምስት ወር ልጅ ግን የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ከሰጣችሁ ብዙ ሰጥቷል። በየቀጠሮው ፊት መለዋወጡም ሌላ ነገር ነው። ልጁ ውስብስብ ሕክምና ካስፈለገው ወይም ሌላ ክፍል የሚከታተለው ሕመም ካለበት ግን ሁሉም በአንድ ግቢ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው።

አራተኛው በር የሕፃናት ሐኪማችሁ ወይም ክትባት የምትሰጠው ነርስ ናት። ከንፈሩን ገልበጥ አድርገው ማየት፣ ሥልጠናው ካላቸውም የፍሎራይድ (ጥርስን ከመበላት የሚከላከል ማዕድን) ቅባት መቀባት ይችላሉ። የጥርስ ሐኪምን አይተኩም። ቅርብ የጥርስ ሐኪም ለሌለው ግን ከምንም ይሻላል፤ በሚቀጥለው ክትባት ጠይቁ።

እንግዲህ የኔን ፍርድ ከፈለጋችሁ፦ ጤናማ ለሆነና ጥርሱ ላይ የሚታይ ነገር ለሌለው ልጅ፣ ልጅ የሚወድ ቅርብ ያለ ጠቅላላ ሐኪም ሩቅ ካለ ስፔሻሊስት ይበልጣል። ምልልሱ በየስድስት ወሩ ነው፤ ጥርሱ ለመበላት የተጋለጠ ከሆነ ደግሞ በየሦስት ወሩ ሊሆን ይችላል። ሩቅ ቦታ ሁለት ጊዜ ይኬዳል፣ በሦስተኛው ሰበብ ይገኛል። ራሴን አውቀዋለሁ።

ሚዛኑ የሚገለበጥባቸው ጊዜዎች አሉ። ጥርሱ ላይ ቡናማ ወይም የተቦረቦረ ነገር አይታችኋል? ልጁ የልብ ሕመም፣ ደም ያለመርጋት ችግር፣ የዕድገት መዘግየት ወይም ኦቲዝም አለበት? ስፔሻሊስቱን ከመጀመሪያው ያዙ፣ ርቀቱንም ቻሉት። አንዳንድ የልብ ሕመም ያለባቸው ልጆች ድድ የሚነካ ሕክምና ከመደረጉ በፊት አንቲባዮቲክ መውሰድ አለባቸው። ይህን የማይጠይቅ ክሊኒክ የናንተ ቦታ አይደለም።

ስልኩ ላይ

አሁን ወደዚያች ጥያቄ ልመለስ። «እምቢ ካለስ?»

የመጀመሪያው ቦታ ስልኩን ያነሳችው ልጅ «አይጨነቁ፣ እኛ እንይዘዋለን» አለችኝ። ለማጽናናት ብላ ነው። እኔ ግን የሰማሁት «እንይዘዋለን» የሚለውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ቦታ «ወላጅ ውጭ ይጠብቃል፣ ልጆች እናት ስትኖር ይቀብጣሉ» አሉኝ። ሦስተኛዋ ትንሽ ዝም አለችና «ትልቁ ወንበር ላይ አናስቀምጣትም። እርስዎ ጭን ላይ ሆና ነው የምናያት። ካልቻለች ዛሬ ጥርሷን ቆጥረን እንልካታለን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትመለሳለች» አለችኝ። ሌላ ጥያቄ አዘጋጅቼ ነበር። ረሳሁት።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። ጥሩ ሐኪም ማለት ልጅ የማያለቅስበት ሐኪም ማለት አይደለም። የአንድ ዓመት ልጅ እንግዳ ሰው አፉን ሲነካው ማልቀሱ የጤና ነው። እንዲያውም ያለቀሰ ልጅ አፉን ስለሚከፍት ሐኪሙ ሁሉንም ያያል። መታየት ያለበት ለቅሶው ሲመጣ የሚደረገው ነው። ይቸኩላሉ? ይቆጣሉ? ወይስ በተረጋጋ ድምፅ ቶሎ ጨርሰው ወደ እቅፋችሁ ይመልሱታል?

አንዳንድ ቦታ ልጁን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚያስር ሰሌዳ አለ። ለድንገተኛ ሕክምና ሌላ መንገድ ሲጠፋ፣ ወላጅ ተነግሮት ሲፈቅድ የሚጠቀሙበት ነው። ለተራ ምርመራ ግን ምንም ቦታ የለውም። መኖሩን ጠይቁ፤ መቼ እንደሚጠቀሙበትም ይንገሯችሁ። ወላጅን ውጭ ስለማስቀረትም እንደዚሁ። ለትልልቅ ልጆች የሚከራከሩበት ጉዳይ ይሁን። ከሦስት ዓመት በታች ግን በሩን የሚዘጋባችሁን ቦታ እለፉት።

ሌላው የስልክ ጥያቄ፦ ልጁ ወድቆ ጥርሱን ቢመታስ? መራመድ የጀመረ ልጅ ይወድቃል፤ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የሚያርፈውም አፉ ነው። የወተት ጥርስ ከነሥሩ ከወለቀ ተመልሶ አይተከልም፤ ከሥሩ ያለውን የቋሚ ጥርስ ቡቃያ ሊጎዳው ይችላልና። የቋሚ ጥርስ ሕግ ሌላ ነው፤ እሱ በደቂቃዎች ውስጥ መመለስ አለበት። ጠቅላላ ሐኪሙ ይህን ልዩነት ሳያመነታ ከነገራችሁ ልጆችን ያውቃል ማለት ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ለማን እንደሚደወልም ጠይቁ።

ቀጠሮውን ጠዋት፣ እንቅልፍ ከጠገበ በኋላ አድርጉት። የቀን እንቅልፉ ሰዓት ላይ ብቻ ክፍት ቦታ ያለው ክሊኒክ ለሌላ ልጅ ይሁን።

ጉልበት ለጉልበት

የልጄ ምርመራ እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ፤ ከዚህ በኋላ ሌላውን በዚህ ለክታችሁ ማወዳደር ትችላላችሁ።

ሐኪሟ ጋወን አልለበሰችም። ተራ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ጉልበቷ ጉልበቴን እስኪነካ ተጠጋች። ልጄ ወደ እኔ ዞራ፣ እግሮቿ በወገቤ ግራና ቀኝ፣ እንደታቀፈች ነበር። «አሁን ቀስ አድርገው ወደ እኔ ያጋድሏት፣ እጆቿን ይያዙልኝ» አለችኝ። ጭንቅላቷ ሐኪሟ ጭን ላይ አረፈ። ልጄ ግን የምታየው እኔን ነበር። ይህ አቀማመጥ «ጉልበት ለጉልበት» ይባላል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከዚህ የተሻለ የመመርመሪያ ወንበር አላየሁም።

ከዚያ ቆጠራ ተጀመረ። «አንድ… ሁለት… ሦስት… ኧረ አራተኛም አለ!» የላይኛውን ከንፈሯን በጣቷ ገልበጥ አድርጋ አሳየችኝ። «እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው» አለች፣ ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበትን መስመር እያመለከተች። መበላት ሲጀምር ቡናማ አይደለም። መጀመሪያ የኖራ ዓይነት ነጭ መስመር ነው። በዚህ ደረጃ ከተደረሰበት በፍሎራይድና በአመጋገብ ለውጥ ሊመለስ ይችላል። ቡናማ ሲሆን ዘግይቷል። ልጄ ያለቀሰችው ምናልባት ግማሽ ደቂቃ ነው። ቀና ሳደርጋት ሐኪሟ ትንሿን መስታወት ሰጠቻት፤ ወዲያው አፏ ውስጥ ከተተችው።

በዚያው አቀማመጥ ብሩሽ አስያዘችኝ። «ቤትም እንዲህ ነው፤ ከባለቤትዎ ጋር ጉልበት ለጉልበት ይሁኑ።» የጥርስ ሳሙናውን መጠን ብሩሹ ላይ አድርጋ አሳየችኝ፦ ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ታህል፤ ሳሙናው ፍሎራይድ ያለው። እኔ ለመጀመሪያ ልጄ የማስታወቂያውን ዓይነት ሙሉ ብሩሽ ስጨምቅለት ነበር የኖርኩት። መጨረሻ ላይ የፍሎራይድ ቅባት በትንሽ ብሩሽ ቀባቻት። ቢጫ ነገር ነው፣ ይጣበቃል፣ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። እስከ ማግስቱ እንዳልቦርሻት ነገረችኝ።

ሁለት ዓመት ለሞላውና ቋንቋ ለገባው ልጅ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ፦ ንገር፣ አሳይ፣ አድርግ። እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በዚህ ስም የሚታወቅ ነው። «ይህ ውሃ ይረጫል» ይባላል፣ መጀመሪያ እጁ ላይ ይረጭለታል፣ ከዚያ አፉ ውስጥ። ሐኪሙ ሦስቱን በቅደም ተከተል ሲያደርግ ካያችሁ ጥሩ እጅ ላይ ናችሁ። «አያምህም፣ አይዞህ፣ መርፌ የለም» እያለ የሚጀምር ከሆነ ግን ልጁ የሚሰማው «ሕመም» እና «መርፌ» የሚሉትን ብቻ ነው። ይህኛው እኛንም ይመለከተናል። ባጠፋ ቁጥር «ሐኪም ጋ ወስጄ አስወጋሃለሁ!» ሲባል ያደገ ልጅ ሐኪም ጋ ሲሄድ ምን እንዲጠብቅ ነው የምንፈልገው?

ከምርመራ በኋላ የሚቀርበው ሐሳብ

የክሊኒኮች ትልቁ ልዩነት የሚወጣው «ይህ ይደረግለት» ሲሉ ነው። ጥቂት ነገር ይዛችሁ ግቡ።

ራጅ። የትንሽ ልጅ ጥርሶች ብዙ ጊዜ ተራርቀው ነው የሚወጡት። ጎናቸው በዓይን ይታያል። ምንም በማይታይበት አፍ ላይ በመጀመሪያ ቀጠሮ ራጅ እናንሳ ከተባለ ለምን በሉ። ልጁ ወድቆ ጥርሱን ከመታ ወይም የተቦረቦረ ጥርስ ካለ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ሌዘር። የላይኛውን ከንፈር ከድድ ጋር የሚያያይዘው ሥጋ ሕፃናት ላይ ወፈር ብሎ መታየቱ የተለመደ ነው። በወተት ጥርሶች መካከል ክፍተት መኖሩም ጥሩ ነው፤ ቋሚዎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ቦታው ያስፈልጋቸዋል። ለዚህ ብቻ ሲባል «በሌዘር እንቁረጠው» የሚል ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም ሳታማክሩ አትፈርሙ።

የድድ ማደንዘዣ ጄል። ቤንዞኬይን ያለበትን ጄል ጥርስ ለሚያወጣ ልጅ የሚያዝ ሰው ካለ ነጥብ ቀንሱበት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል፤ የደምን ኦክስጅን የመሸከም አቅም በአደገኛ ሁኔታ ሊቀንስ ይችላል።

ጥርሱ ተበልቶ ከተገኘስ? እዚህ ላይ የምታወዳድሩት የአማራጮቹን ብዛት ነው። አንዱ አማራጭ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ ነው። ፈሳሽ ነው፤ የተበላው ቦታ ላይ ይቀባል፣ መበላቱን ብዙውን ጊዜ ያቆመዋል። መሰርሰሪያ የለ፣ መርፌ የለ። ጉዳቱ የተቀባው ቦታ ቋሚ ጥቁር ይሆናል። ለመንጋጋ ጥርሶች ደግሞ የሆል ዘዴ የሚባል አለ፤ በስኮትላንድ ትሠራ በነበረችው የጥርስ ሐኪም በኖርና ሆል ስም የተጠራ። የተበላው ሳይሰረሰር ከላዩ የብረት ቆብ ይገጠምበትና ባክቴሪያው ምግብ እንዳያገኝ ይታፈናል። ከዚያ ተራው ሙሌት አለ፤ ለትንሽ ልጅ ግን ጸጥ ብሎ መቀመጥን ይጠይቃል። መጨረሻ ላይ በማደንዘዣ አስተኝቶ ማከም።

ከእነዚህ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ክሊኒክ አለ። ሁሉን «ይነቀል» ይላል፣ ወይም ሁሉን «አስተኝተን እንሥራው» ይላል። አማራጮቹን ከነጉዳታቸው ዘርዝሮ «እናንተ ምን ታስባላችሁ?» የሚለው ጋ ሂዱ። የልጄን የፊት ጥርስ እኔ ሲልቨሩን ነው የመረጥኩለት። ጥቁር ነጥብ ይዞ ይስቃል። አያቱ አልወደደችውም፤ እኔ ግን መርፌ ሳያይ በመቅረቱ ደስ ብሎኛል።

አስተኝቶ ማከም አንዳንዴ ትክክለኛው ነው። ስምንት ጥርስ ተበልቶ የሚያሠቃየውን ልጅ በየሳምንቱ ከማስጮህ አንድ ቀን ተኝቶ ሁሉም ተሠርቶ ይለቅ። ግን ሁለት ነገር እወቁ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ማስጠንቀቂያ ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ላይ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚቆይ ወይም የሚደጋገም ማደንዘዣን የሚመለከት ነው። አንድ አጭር ጊዜ ብቻ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ እሱም ትንፋሹን ማን ያያል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚና የሕፃናት ጥርስ ሕክምና አካዳሚ በጋራ ያሻሻሉት መመሪያ፣ በጥልቅ ማደንዘዣ ጊዜ ጥርሱን ከሚሠራው ሐኪም ሌላ ልጁን ብቻ የሚከታተል የሠለጠነ ሰው እንዲኖር ይጠይቃል። «እኔው ራሴ አስተኛለሁ፣ እኔው እሠራለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ልጃችሁን ታቅፋችሁ ውጡ።

ስለ ቀለሙ ግድግዳ

ኮርኒሱ ላይ ቴሌቪዥን፣ ግድግዳው ላይ ዓሣ ነባሪ፣ ጥግ ላይ ኳስ የሞላ ገንዳ። ደስ ይላል፣ ልጅም ይወደዋል። ግን ስታወዳድሩ መጨረሻ ላይ አስቀምጡት። ሠራተኞቹን እዩ። የምትቀበላችሁ ልጅ ለልጃችሁ ጎንበስ ብላ በስሙ ትጠራዋለች ወይስ በላዩ ላይ ከእናንተ ጋር ታወራለች? መሣሪያው ከታሸገ ከረጢት ሲወጣ አያችሁ? ጓንቱስ ተቀየረ? እኔ የመረጥኩት ቦታ የነበረው አሻንጉሊት አንድ ነው፤ ትልልቅ ጥርስ ያለው አዞ፣ እሱም አንድ ጥርሱ የጎደለ።

አንዴ የተበላሸ ከሆነ

እንደኔ መጥፎ ቦታ ጀምራችሁ ከሆነ መቀየር ነውር የለውም። የልጁን ካርድና ራጅ ካለ ኮፒ ጠይቁ። ለአዲሱ ሐኪም የሆነውን ሁሉ ንገሩ። የመጀመሪያውን ቀጠሮ «ምንም እንዳታደርጉት» ብላችሁ ያዙ። ወንበሩ ላይ ወጥቶ ይውረድ፣ የወንበሩን ቁልፍ ይጫን፣ ይሂድ።

የኔው ሲልቨሩ የተቀባለት በአራተኛው ቀጠሮ ነው። በመጀመሪያው የሄደው እህቱን ለመሸኘት ነበር፤ በሩ ጋ ቆሞ ቀሚሴን ይዞ። ሐኪሟ ሰላም አላለችውም፣ እንዳላየ ሆነች። የእህቱን አራት ጥርስ ቆጥራ ስትጨርስ ግን «እኔ የበለጠ አለኝ» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። «አይመስለኝም» አለችው ዞር ሳትል። እኔ ጭን ላይ ወጥቶ አፉን ከፈተ። ሃያ ስትል አፉን ገጥሞ አሰበ፣ ከዚያ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ የኋለኛውን መንጋጋ ነካና «ይቺን ዘለልሻት፣ እንደገና ቁጠሪ» አላት።